«መዛባት» ስንት ዐይነት ነው? ስለ ቀጭን ድምፅ አውጪዎች ፍተሻና ስለ ፍተሻው ቃላት የቀረበ ሒስ

በድምፅ መሣሪያ ሙያ ላይ የተሰማሩ ወገኖች በአማርኛ ሲነጋገሩ «መዛባት» የሚለውን ቃል ቢያንስ ለአራት የተለያዩ ነገሮች ሲያውሉት እንሰማለን። መሣሪያው አንዱን ድምፅ አጉልቶ ሌላውን አደብዝዞ ሲያወጣ «ያዛባል» ይባላል። ያልተላከለትን ድምፅ ከራሱ ጨምሮ ሲያወጣም «ያዛባል» ይባላል። ማጉያው ከዐቅሙ በላይ ተጠይቆ የሞገዱን ጫፍ ሲቆርጠው፣ እንዲሁም የመሣሪያው ሽፋን ተቀድዶ ወይም የሽቦው ጥቅልል ከማግኔቱ ግድግዳ ጋር እየተፋተገ ሲንኮሻኮሽ የሚሰጠው ስም ያው «መዛባት» ነው። መሣሪያው ከተነጋጋሪዎቹ ፊት ቆሞ ሳለ ይህ አጠቃቀም ብዙ አይጎዳም፤ ሰሚው የጎደለውን ከሁኔታው ይሞላዋልና። ጉዳቱ የሚመጣው ሁለት መሣሪያዎች ተፈትሸው ውጤቱ በቁጥር ሲጻፍ ነው። ቁጥሩ የምን ቁጥር እንደ ሆነ ቃሉ አይነግረንም።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በጣም ጠባብ የሆነ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በተለምዶ «ትዊተር» የሚባለው፣ ከፍ ያለ ድግግሞሽ ያላቸውን ድምፆች ብቻ እንዲያወጣ የሚሠራው ትንሽ መሣሪያ ለመዛባቱ እንዴት እንደሚፈተሽ፣ ከጓደኛውም ጋር እንዴት እንደሚወዳደር፣ ይህም ሁሉ በምን ቃል እንደሚነገር ነው። ጠባብነቱን ሆን ብለን መርጠነዋል። የስያሜ ሥራ በጥቅሉ ሲወራ ሁልጊዜ የተቃና ይመስላል፤ መቃናቱ የሚታወቀው ግን አንዱ ሙያተኛ ለሌላው አንዲት ቁጥር ከነትርጉሟ ለማስተላለፍ ሲሞክር ነው።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው ስም። «ድምፅ ማጉያ» የሚለው ስያሜ በአማርኛ ሦስት ጌቶች አሉት። ተናጋሪው በእጁ የያዘውም ድምፅ ማጉያ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የኤሌክትሪኩን ምልክት የሚያጎላውም ድምፅ ማጉያ ነው፤ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወደ ሕዝቡ የሚጮኸውም እንዲሁ ድምፅ ማጉያ ነው። ሕዝቡ ይህን መደራረብ በራሱ መንገድ ፈትቶታል፤ «ማይክ»፣ «አምፕሊፋየር»፣ «እስፒከር» እያለ ለይቶ ይጠራል። ትልቁን የአደባባይ መሣሪያ ደግሞ ከአንድ የጣሊያን ሠሪ ድርጅት ስም ተነሥቶ «ሞንታርቦ» ብሎታል፤ ዛሬ የማንም ሥራ ቢሆን ትልቅ ከሆነና ከጮኸ ሞንታርቦ ነው። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ይህን ቃል እንደ ባዕድ ቆጥረው ሊያልፉት አይገባም እንላለን፤ በትርጉም መስፋት ወደ አማርኛ የገባ ሙሉ ቃል ነው። በዋናው ሐሳብ ላይ ግን ከሦስቱ መሣሪያዎች የመጨረሻውን፣ ማለት ኤሌክትሪክን ወደ ድምፅ የሚለውጠውን፣ «ድምፅ አውጪ» ብንለው መደራረቡ ይቃለላል። በእውነቱ የሚያጎላው ነገር የለምና። «ድምፅ ሰጪ» የሚለው የተሻለ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን እርሱን ምርጫ ቀድሞ ወስዶታል።

አሁን «ከፍተኛ» ወደሚለው ቅጽል እንምጣ። በፊዚክስ መማሪያ መጻሕፍት «ከፍተኛ ድግግሞሽ» የሚለው ሐረግ የተለመደ ነው፤ ስሕተትም የለበትም። ድግግሞሽ የሚለው ቃል ወድቆ «የከፍተኛ ድምፅ አውጪ» ሲባል ግን አማርኛው ይከዳናል። «ድምፅህን ከፍ አድርግ» የተባለ ሰው አጉልቶ ይናገራል እንጂ ድምፁን አያቀጥንም። ስለዚህ «የከፍተኛ ድምፅ አውጪ» የሚለውን የሚሰማ ሰው የሚያስበው ያንኑ ሞንታርቦ ነው፤ ነገሩ ግን ብዙውን ጊዜ ጉልላቱ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ በጣት ጫፍ የሚጎዳ ትንሽ ዕቃ ነው። እንግሊዝኛ ስሙን ከወፍ ጭውጭውታ፣ የጓደኛውን የወፍራሙን ድምፅ አውጪ ስም ደግሞ ከውሻ ጩኸት ወሰደ። ጀርመንኛ «ሆኽቴነር» ሲል ከፍታን መረጠ፤ ፈረንሳይኛ «ኤጉ» ሲል ስለትን መረጠ። አማርኛ ግን ከማንም ሳይበደር የራሱ መንገድ አለው፤ ድምፅን «ቀጭን» እና «ወፍራም» ይላል። ሕፃኑም ሽማግሌውም በዚህ ልዩነት አይሳሳቱም። እንግዲህ «ቀጭን ድምፅ አውጪ» የሚለው ስያሜ ማብራሪያ የማያሻው ሆኖ እናገኘዋለን። በአንድ ቃል ለማሳጠር የሚሞክር ቢኖር «ቀጭኔ» ላይ እንዳይወድቅ መጠንቀቅ አለበት፤ እርሷ ሌላ ናት። «ትዊተር» የሚለውም ከሱቅና ከጥገና ቤት ስለማይወጣ በመዝገቡ ውስጥ አቻ ሆኖ መግባት ይገባዋል።

መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ እንበል። ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ እ.ኤ.አ. በ1925 ካቀረቡት ንድፍ ወዲህ የአብዛኛዎቹ ድምፅ አውጪዎች መሠረት አንድ ነው፤ በማግኔት ክፍተት ውስጥ የተንጠለጠለ የሽቦ ጥቅልል ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይርገበገባል፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ሽፋን አየሩን ይገፋል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኤድጋር ቪልቹር ቀጭኑን ድምፅ በትንሽ ጉልላት ለማውጣት ያበጀው ስልት ዛሬ በየቤቱ ያለው ሆኗል። መዛባት የሚወለደው ከዚሁ አሠራር ነው። ጥቅልሉ ከመካከል በራቀ መጠን የማግኔቱ ጉልበት ይደክምበታል፤ ማንጠልጠያው በተወጠረ መጠን ይጠነክራል፤ የጥቅልሉም የኤሌክትሪክ ጠባይ ከቦታው ጋር ይለዋወጣል። በዚህ ምክንያት እጥፍ የተሰጠው እጥፍ አይመልስም። ሙያው «ሊኒየር አይደለም» የሚለው ይህንን ነው።

ከላይ ከተጠቀሱት አራት ነገሮች ለፍተሻ ዋና የሆኑት የፊተኞቹ ሁለቱ ናቸው። ልዩነታቸውን የጥንት መጻሕፍትን የሚያውቅ አንባቢ በቀላሉ ያገኘዋል። አንድ ጸሐፊ ከጥንቱ ብራና ሲገለብጥ አንዱን መስመር በደማቅ ቀለም፣ ሌላውን በደብዛዛ ቢጽፍ ጽሑፉ አምሮ አልወጣም፤ ሆኖም ከጥንቱ የጎደለ ወይም የተጨመረ ቃል የለበትም፤ ደብዛዛውን ማድመቅም ይቻላል። ሌላው ጸሐፊ ግን በጥንቱ ያልነበረ ቃል ከራሱ ቢጨምር ነገሩ ሌላ ነው፤ ተከታዩ አንባቢ ጭማሪውን ከጥንቱ ለይቶ ሊያወጣው አይችልም። ድምፅ አውጪም እንደዚሁ ነው። በ5 ኪሎ ኸርዝ ላይ 3 ዴሲቤል አጉልቶ ቢያወጣ በማጣሪያ ሊስተካከል ይችላል። የ3 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ ተልኮለት ከዚያ ጋር የ6 እና የ9 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ ቢጨምርበት ግን ማጣሪያ አያስተካክለውም፤ በዘፈኑ ውስጥ የራሱ የሆነ 6 ኪሎ ኸርዝ አለና፣ ማጣሪያው ሁለቱን አይለይም። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያውን «የልክ መዛባት»፣ ሁለተኛውን «የውላጅ መዛባት» ብለን እንድንለይ እናሳስባለን። «ውላጅ» የሚለው ቃል ከተላከው ድምፅ የተወለደ፣ እንደ ወላጁ ግን ያልተላከ መሆኑን በአንድነት ይገልጻል። የተሰነጠቀ ወይም የሚፋተግ መሣሪያ ብልሽት ነው እንጂ መዛባት አይደለም፤ በዚህ ቃል ሊጠራም አይገባም።

የውላጆቹን ስም በሚመለከት የሙያው ልማድ «ሐርሞኒክ» የሚለውን ቃል ከሙዚቃ ወስዷል። ሙዚቀኞች ከመሠረቱ በላይ ያለውን የመጀመሪያ ድምፅ «አንደኛ» ሲሉት የድምፅ መሐንዲሶች ያንኑ ድምፅ «ሁለተኛ» ይሉታል፤ ምክንያቱም መሠረቱን አንድ ብለው ይቈጥራሉ። ቃሉን እንዳለ የተበደረ ተማሪ ይህን ጠብም አብሮ ይወርሳል። አማርኛ ግን ከሒሳብ ትምህርት የተለመደ «ብዜት» የሚል ቃል አለው። «ሁለተኛ ብዜት» ሲባል ሁለት ጊዜ፣ «ሦስተኛ ብዜት» ሲባል ሦስት ጊዜ መሆኑ ከስሙ ይታወቃል፤ ቁጥሩም ከመሐንዲሶቹ ቁጥር ጋር ይስማማል። የአማርኛው ቃል ከምንጩ ቃል የተሻለ የሆነበት ይህን የመሰለ አጋጣሚ ብዙ አይገኝምና እንዳይባክን እንመክራለን።

ወደ ቁጥሮቹ ስንገባ ሒሳችን ጠበቅ ይላል። በልማድ የሚቀርበው ቁጥር «ጠቅላላ የብዜት መዛባት» የሚባለው ሲሆን የብዜቶቹ ሁሉ ኀይል ተደምሮ ከመሠረቱ ጋር ሲነጻጸር የሚገኝ መቶኛ ነው። 1 በመቶ ማለት ውላጁ ከመሠረቱ 40 ዴሲቤል ዝቅ ይላል ማለት ነው፤ 0.1 በመቶ ደግሞ 60 ዴሲቤል። ሁለቱ አጻጻፎች አንድ ነገር የሚናገሩ ሆነው ሳለ በአንባቢ ላይ የሚያሳድሩት ስሜት እጅግ ይለያያል፤ ከ1 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ መውረድ ጥቂት ይመስላል፤ ከ40 ወደ 50 ዴሲቤል መራቅ ግን ብዙ ይመስላል። ከዚህ የሚብሰው ድምሩ ራሱ ነው። ሁለተኛው ብዜት ለመሠረቱ ቅርብ ስለሆነና ከእርሱ አንድ ስምንዮሽ ብቻ ስለሚርቅ ጆሮ በመሠረቱ ጥላ ሥር ይሸፍነዋል፤ አምስተኛው ወይም ሰባተኛው ግን ከጥላው ወጥቶ ይቆማል። አንድ መሣሪያ 0.5 በመቶ ሁለተኛ ብዜት ብቻ፣ ሌላው 0.3 በመቶ ከሦስተኛ እስከ ሰባተኛ የተበተነ ብዜት ቢኖራቸው በጠቅላላው ቁጥር ሁለተኛው አሸናፊ ይሆናል፤ በጆሮ ግን የመጀመሪያው ሊመረጥ ይችላል። «ጠቅላላ» የሚለው ቃል ሙሉነትን የሚያመለክት መስሎ የሚያስፈልገውን ዝርዝር ይደብቃል። በመዝገቡ ውስጥ ከገባ ከብዜቶቹ ዝርዝር ተነጥሎ እንዳይጠቀስ ማስጠንቀቂያ ሊታከልበት ይገባል።

«ይህ ትዊተር 0.3 በመቶ ያዛባል» የሚል ዐረፍተ ነገር በሰዋስው ሙሉ ነው፤ በሙያ ግን ጎዶሎ ነው። ተሻጋሪ ግሥ ተሳቢውን እንደሚፈልግ ይህም ቁጥር ቢያንስ አራት ማሟያዎችን ይፈልጋል፤ በየትኛው ድግግሞሽ፣ በምን ያህል የድምፅ ልክ፣ በምን ያህል ርቀት፣ በምን ዐይነት ማጣሪያና ሰሌዳ ላይ ተሰክቶ የሚሉትን። የአንዱ መቅረት ሌሎቹን ከንቱ ያደርጋቸዋል።

ድግግሞሹ ለምን እንደሚያስፈልግ እናስላ። አንድ ሽፋን የድምፁን ልክ ሳይቀንስ ድግግሞሹ በግማሽ ሲወርድ የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ መሆን አለበት። በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ የተሰካ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጉልላት በ1 ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል እንዲያወጣ በ2 ኪሎ ኸርዝ የሚያስፈልገው ጉዞ በአማካይ 0.035 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በ1 ኪሎ ኸርዝ 0.14 ይሆናል፤ በ4 ኪሎ ኸርዝ ከ0.01 ያንሳል። ከዚህም የተነሣ አብዛኞቹ ቀጭን ድምፅ አውጪዎች በ5 ኪሎ ኸርዝ ቢፈተሹ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ፤ የሚለያዩት በ1.5 እና በ3 ኪሎ ኸርዝ መካከል ነው፤ ይህም ወፍራሙ ድምፅ አውጪ ሥራውን የሚያስረክብበት ቦታ ነው። ማጣሪያው በ2 ኪሎ ኸርዝ በስምንዮሽ 24 ዴሲቤል የሚቆርጥ ከሆነ በ1 ኪሎ ኸርዝ የሚደርሰው ምልክት በጣም የተዳከመ ነው፤ ያለ ማጣሪያ በተደረገ ፍተሻ በ1 ኪሎ ኸርዝ የታየ ትልቅ መዛባት ለእንዲህ ዐይነቱ ተጠቃሚ ብዙም ትርጉም የለውም። ማጣሪያው ለስለስ ያለ፣ በስምንዮሽ 6 ዴሲቤል ብቻ የሚቆርጥ ሲሆን ግን ያው ቁጥር ዋናው ነገር ይሆናል።

የድምፅ ልኩን በሚመለከት ብዙ ፈታሾች የሚስቱበት ነጥብ አለ። ሁለት መሣሪያዎችን ለማወዳደር ለሁለቱም እኩል ቮልት ይሰጣሉ፤ በ8 ኦም ላይ 1 ዋት የሚሆነውን 2.83 ቮልት። አንደኛው በ1 ሜትር 88፣ ሌላው 94 ዴሲቤል የሚያወጣ ቢሆን ሁለተኛው በዚህ ፍተሻ በእጥፍ ጉዞ እየተንቀሳቀሰ ከግማሹ ጋር ተወዳደረ ማለት ነው። ፍትሐዊው ውድድር ሁለቱም በማይክሮፎኑ ፊት እኩል ድምፅ እንዲያወጡ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ለደካማው እጥፍ ቮልት፣ ማለት አራት እጥፍ ዋት ይሰጣል። በዚህ ቦታ አንድ የስያሜ ጉድለት ያጋጥመናል። ለተሰጠ ቮልት የሚገኘውን ድምፅ እንግሊዝኛ ከ«ስሜት» ጋር በሚዛመድ ቃል ስለሚጠራው በአማርኛ «ስሜታዊነት» እያሉ የሚጽፉ አልጠፉም። ስሜታዊ የሆነ ሰው እናውቃለን፤ ስሜታዊ የሆነ ማግኔት ግን አናውቅም። «ብቃት» የሚሉም አሉ፤ እርሱ ደግሞ ከገባው ኀይል ውስጥ ስንቱ ወደ ድምፅ ተለወጠ ለሚለው ለሌላ መለኪያ ያስፈልጋል። «የምላሽ ልክ» ብንል ነገሩን ሳያስጌጥ ይናገራል።

የርቀቱን ጉዳይ ለማሳጠር፣ ከ1 ሜትር ወደ ግማሽ ሜትር ሲቀረብ ልኩ 6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራልና ሁለቱን የሚያቀላቅል ሰንጠረዥ ዋጋ የለውም። ይልቅ በመቶኛ አሠራሩ ውስጥ ያለ አንድ ወጥመድ ረዘም ያለ ቃል ይገባዋል። መቶኛው ውላጁን ለመሠረቱ አካፍሎ የሚገኝ ነውና መሣሪያው ወይም ክፍሉ በአንድ ድግግሞሽ ላይ ጉድጓድ ካለበት መሠረቱ ስለሚያንስ ውላጁ ምንም ሳይጨምር መቶኛው ያብጣል። በአንጻሩ የመሣሪያው ሽፋን በአንድ ድግግሞሽ ላይ የራሱ ንዝረት ካለው ብዜቱ እዚያ ላይ ሲያርፍ ይጎላል። የአሉሚኒየም ጉልላቶች በ25 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ እንዲህ ያለ ንዝረት ያሳያሉ፤ ስለሆነም በ8 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ሦስተኛው ብዜት በሥዕሉ ላይ ተራራ ይሆናል። ተራራውን ማንም አይሰማውም። የልክ መዛባት የውላጅ መዛባት መስሎ፣ የውላጅ መዛባትም በልክ መዛባት ጎልቶ የሚታይበት ይህ ስፍራ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት የሚያስከትለውን ድንግርግር ከማንኛውም ክርክር ይልቅ ያስረዳል።

የፍተሻው ስልት ራሱ ብዙ ተሻሽሏል። ቀድሞ አንድ ድግግሞሽ እየተሰጠ፣ ተራ በተራ እየተለካ ይሠራ ነበር። ጣሊያናዊው አንጀሎ ፋሪና እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ባቀረበው ስልት ከወፍራም ወደ ቀጭን እየፈጠነ በሚወጣ አንድ ተከታታይ ድምፅ የመሠረቱ ምላሽና የየብዜቱ ምላሽ በጊዜ ተለያይተው ይገኛሉ፤ የእያንዳንዱ ብዜት ምላሽ ከመሠረቱ ምላሽ ቀድሞ ይደርሳል። ሥራው ከሰዓታት ወደ ሰኮንዶች አጠረ። ፍጥነቱ ያመጣው ጣጣ ግን አለ፤ የክፍሉ ጫጫታና የማይክሮፎኑ የራሱ መዛባት ሁሉ በሥዕሉ ውስጥ ገብተው እንደ መሣሪያው ጠባይ ይነበባሉ። መሣሪያው 0.1 በመቶ ቢያዛባና ጫጫታው በዚያው ልክ ቢሆን የተለካው ጫጫታው ነው። የተጠነቀቀ ፈታሽ የጫጫታውን መስመር በዚያው ሥዕል ላይ ያሰፍራል፤ ያላሰፈረውን ሪፖርት ማመን ያስቸግራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመን ግን ይህ ነው። ጤናማ ጆሮ የሚሰማው በጥቅሉ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ የላይኛው ወሰን ይወርዳል። እንግዲያው ከ10 ኪሎ ኸርዝ በላይ የሆነ ድምፅ ሁለተኛ ብዜቱ፣ ከ6.7 ኪሎ ኸርዝ በላይ የሆነው ደግሞ ሦስተኛ ብዜቱ ከመስማት ክልል ውጪ ነው። ቀጭን ድምፅ አውጪ ከሚሠራበት ክልል እኩሌታ በሚሆነው ላይ የብዜት መዛባትን መለካት የማይሰማ ነገርን መለካት ነው። የሚሰማው ሌላ ውላጅ ነው፤ ሁለት ድምፆች በአንድነት ሲገቡ ከመቀላቀላቸው የሚወለደው። 11 እና 12 ኪሎ ኸርዝ አብረው ቢላኩ በልዩነታቸው 1 ኪሎ ኸርዝ፣ እንዲሁም ከአንዱ እጥፍ ሌላው ሲቀነስ 10 እና 13 ኪሎ ኸርዝ ይወለዳሉ። 1 ኪሎ ኸርዝ ጆሮ አጥርቶ ከሚሰማበት ስፍራ ነው፤ ከወላጆቹም በጣም ስለሚርቅ በጥላቸው አይሸፈንም። ሙዚቃም ንግግርም ምንጊዜም ብዙ ድምፆች በአንድነት ናቸውና ትክክለኛው ፈተና ይህ ነው። ሆኖም በየመጽሔቱና በየሠሪው ወረቀት ላይ የምናገኘው፣ መዛባት ከተጠቀሰ፣ የብዜቱ ነው፤ ብዙዎቹ የሠሪ ወረቀቶች ደግሞ መዛባትን ከናካቴው አይጠቅሱም። ብዜት ለመለካት ይቀልላል፤ ስም ስላለውም ይታወቃል። ሌላኛው በአማርኛ ስም እንኳ የለውም። «ቅይጥ ውላጅ» ብለን እንሰይመው፤ በዚያም ሥር «የልዩነት ውላጅ» እና «የድምር ውላጅ» ይግቡ።

የቋንቋ ጥናት ባለሙያ በዚህ ጉዳይ ምን አገባው ለሚለን ሰው መልሳችን በ«ሰ» እና በ«ሸ» ላይ ነው። የ«ሸ» ድምፅ ጉልበት በብዛት ያለው በ2.5 እና በ4 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ሲሆን የ«ሰ» ከ4 ኪሎ ኸርዝ በላይ ነው። በቀድሞው ስልክ ከ3.4 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ ይቆረጥ ስለነበር «ሰ»ን ከ«ፈ» ለመለየት ስም ፊደል በፊደል መቁጠር ግድ ይሆን ነበር። ድምፅ ማስረከቢያው በ2 ወይም በ3 ኪሎ ኸርዝ በሆነ መሣሪያ እነዚህ ድምፆች፣ ከነሱም ጋር ፈንድተው የሚወጡት «ጸ» እና «ጨ»፣ በአብዛኛው የቀጭኑ ድምፅ አውጪ ዕጣ ናቸው። እነርሱም እንደ ሙዚቃ ኖታ አንድ መሠረት ያላቸው ሳይሆኑ ሰፊ ጫጫታ ናቸውና ብዜታቸውን ለይቶ መለካት አይቻልም፤ ቅይጥ ውላጃቸው ግን ወደ ታች ወርዶ በአናባቢዎቹ ላይ ይደፋል። በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በመስጊድ፣ በትምህርት ቤትም ሆነ በስብሰባ አዳራሽ ትልቁ መሣሪያ ሲጮህ «ይሰማል፤ ግን አይለይም» የሚባለው ቅሬታ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው። ሌላው የአዳራሹ ማስተጋባት ሲሆን እርሱን መሣሪያ በመለወጥ ማዳን አይቻልም። እንዲህ ያለውን መሣሪያ የሚገዛ ኮሚቴ «መዛባቱ ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ሻጩ አንድ ቁጥር ይነግረዋል። «በ2 ኪሎ ኸርዝ፣ በዚህ አዳራሽ በሚያስፈልገው ልክ፣ ቅይጥ ውላጁ ስንት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ግን ቃላቱ በእጁ ሊኖሩ ይገባል።

ስለ ሰሚዎች ቃላት ጥቂት እንጨምር። አማርኛ የሰውን ድምፅ ለመግለጽ ሀብታም ነው፤ ሰላላ፣ ጎርናና፣ ነፍናፋ፣ ሻካራ እያለ ይለያል። መሣሪያ የሚያወዳድሩ ሰዎችም እነዚህን ይጠቀማሉ፤ መጠቀማቸውም መልካም ነው። የማንስማማው ከቃሉ ወደ ምክንያቱ ሳይፈትሹ ሲዘሉ ነው። «ሻከረ» የተባለ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ሲለካ የሚገኘው የውላጅ መዛባት ሳይሆን በ3 ወይም በ4 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ሁለት ሦስት ዴሲቤል ያበጠ ልክ ነው። ከሁለት መሣሪያዎች አንዱ በ1 ዴሲቤል ቢበልጥ ሰሚው «ጎላ» አይልም፤ «ጠራ» ይላል። ስለዚህ በጆሮ የሚደረግ ውድድር ልኮቹ ሳይተካከሉ፣ ሰሚውም የትኛው እንደሚጫወት እያየ ከተደረገ ፍርዱ የዋጋውና የስሙ ፍርድ ነው። ሐር ጉልላት «ለስላሳ»፣ ብረት ጉልላት «ብረት ብረት የሚል» ድምፅ አለው የሚለው ተረት በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ይመስለናል፤ ሰሚው የሚገልጸው የዕቃውን ስም ነው።

የቀረው «ሬዞናንስ» ነው። «ማስተጋባት» ይባል የሚሉ አሉ፤ ማስተጋባት ግን የገደሉ ነው፤ ድምፁ ሄዶ የሚመለስበት። እዚህ የምንናገረው አንድ አካል በራሱ ድግግሞሽ ሲነካ ከሌላው ጊዜ አብልጦ መርገብገቡን ነው። የቀጭን ድምፅ አውጪ ይህ ድግግሞሽ በአብዛኛው ከ500 እስከ 1,500 ኸርዝ መካከል ነው፤ ማጣሪያው ከእርሱ እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ እንዲጀምር የሚመከረውም ከዚያ በታች ጉዞው እየበዛ ስለሚሄድ ነው። «የራስ ንዝረት» የሚለው ለጊዜው ይበቃል እንላለን፤ የተሻለ ያለው ያቅርብ። ለመዝገቡ የምናቀርበው የመጀመሪያው ፍቺ እንግዲህ የሚከተለው ነው። የውላጅ መዛባት፦ ስም፤ ድምፅ አውጪ ወይም ሌላ መሣሪያ ባልተላከለት ድግግሞሽ ከተላከለት ወልዶ የሚያወጣው ድምፅ፤ መጠኑ ሲጠቀስ ድግግሞሹ፣ የድምፅ ልኩ፣ ርቀቱና ማጣሪያው አብረው ይጠቀሳሉ፤ ብዜትና ቅይጥ ውላጅ የሚሉትንም ተመልከት።